የብዙዎች ሐኪም

በዚህ ዓምድ ስለ ልጆቻችን ትምህርትና ስለሚይዙት ሥራ በየወሩ የምንነጋገር መሆናችንን ታውቃላችሁ። በዚህ ወር የመረጥነው ጉዳይ ከነገሌ ቦረና፣ ከፊልቱ፣ ከያቤሎና ከሞያሌ ወላጆች ደጋግመን የሰማነው ነው። ጥያቄው ይህን ይመስላል። «ልጃችን በነርስነት ተመርቃ ጥቂት ዓመት አገልግላለች። አሁን ለሁለተኛ ዲግሪ ልማር ትላለች። የምትማረው ግን በሽተኛ ማከም ሳይሆን የኅብረተሰብ ጤና አስተዳደር ነው አለችን። መርፌና መድኃኒት የያዘ እጅ ወደ ወረቀት ሲመለስ ምን ይባላል? ሐኪም ትሆናለች ብለን ስንጠብቅ ጸሓፊ ልትሆን ነውን?»

ይህ ጥያቄ የሚናቅ አይደለም። በቆላው አገር አንዲት ልጅ ለዲግሪ እስክትደርስ ድረስ ስንት ከብት እንደ ተሸጠ፣ እናት ስንት ዓመት በገበያ ጥላ ሥር እንደ ተቀመጠች የሚያውቀው ቤተ ሰቡ ነው። ደግሞም ልጅቱ ለሁለት ዓመት ወደ ሩቅ ከተማ ስትሄድ ለታናናሾችዋ ትልከው የነበረው ገንዘብ ይቋረጣል። ስለዚህ ወላጅ ምን እንደሚገዛ ሳያውቅ ዋጋ እንዲከፍል መጠየቅ አይገባም። እኛም የትምህርቱን ምንነት፣ ያፈራውን ፍሬና ያለበትን ችግር በተቻለን መጠን እናስረዳለን።

መጀመሪያ ስለ ስሙ። ሐኪም የሚመለከተው ከፊቱ የተቀመጠውን አንዱን በሽተኛ ነው፤ መርምሮ፣ መድኃኒቱን አዝዞ ያሰናብተዋል። የኅብረተሰብ ጤና አስተዳዳሪ ግን ወረዳውን በሙሉ እንደ አንድ ሕመምተኛ አድርጎ ይመለከታል። በዚህ ወረዳ ስንት ሰው አለ? ማን ታመመ? የት? መቼ? ለምን? ያለን ጥቂት ገንዘብና ጥቂት ሠራተኛ በየትኛው ቦታ ቢውል ብዙ ነፍስ ያድናል? ከሁሉም የሚበልጠው ጥያቄ ደግሞ «ወደ ጤና ጣቢያው ያልመጣው ማን ነው?» የሚለው ነው። ሐኪም የመጣውን ያያል፤ ያልመጣውን ለማየት ግን ሌላ ዐይን ያስፈልጋል።

ይህ አሳብ ለቤተ ክርስቲያን ልጅ እንግዳ አይደለም። ዮሴፍ በግብፅ ምድር የሠራውን እናስታውስ። ረኀብ ከገባ በኋላ ለአንዱ ቍራሽ እንጀራ ለሌላው እፍኝ እህል በመስጠት አልጀመረም። ሰባቱ የጥጋብ ዓመታት ሳያልቁ ከምርቱ አምስተኛውን እጅ እየሰበሰበ በየከተማው አከማቸ፤ ክፉው ዘመን በመጣ ጊዜ አገሩን ሁሉ አዳነ። በስሙ የምንቀድስበት ቅዱስ ባስልዮስም በ4ኛው መቶ ዓመት በቂሣርያ ረኀብ በጸና ጊዜ የባለ ጠጎች ጎተራ እንዲከፈት ሰብኮአል፤ ኋላም ከከተማው ውጭ ድኾች የሚጠለሉበት፣ ሕሙማን የሚታከሙበት ታላቅ ሥፍራ አቋቁሞአል። ርኅራኄ በልብ ይጀምራል፤ ብዙ ሰው ዘንድ የሚደርሰው ግን ሥርዐት ሲበጅለት ነው።

አሁን ወደ አገራችን ታሪክ እንመለስ። የነገሌ ቦረና ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። በ1966 ዓ.ም. በነገሌ ሠፍሮ የነበረው የ4ኛ ብርጌድ ወታደር ምግቡ የከፋ፣ ውኃው ያነሰ ነበር። የወታደሮቹ የውኃ ጉድጓድ ፓምፕ ተበላሸ። ከመኰንኖቹ ጉድጓድ እንቅዳ ብለው ቢጠይቁ ተከለከሉ። ጥር 4 ቀን ወታደሮቹ ዐምፀው መኰንኖቻቸውን አሰሩ። ነገሩን እንዲያዩ ከአዲስ አበባ የተላኩት የምድር ጦር አዛዥ ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለም ተይዘው ወታደሩ የሚበላውን እንዲበሉ፣ የሚጠጣውንም እንዲጠጡ ተደረጉ። በሚከተለው ወር በየካቲት አገሩ ሁሉ ተናወጠ፤ ያ ዓመትም ዘውዱ የወረደበት ዓመት መቅድም ሆነ። የአብዮቱ ምክንያት ብዙ እንደ ሆነ የታሪክ ጸሓፍት ጽፈዋል። እኛ ከዚህ የምንወስደው አንድ ትምህርት ብቻ ነው። በዚያ ጦር ሠፈር ሐኪም ቢኖር በመጥፎ ውኃ የታመመውን ወታደር በየቀኑ ባከመ ነበር፤ በማግሥቱም ያው ወታደር ታምሞ በተመለሰ ነበር። የተሰበረ ፓምፕ በኪኒን አይጠገንም። ፓምፑ እንዲጠገን ገንዘብ የሚመድብ፣ እስኪጠገንም ድረስ ያለው ውኃ ለሁሉ በእኩል እንዲዳረስ የሚያዝ ሰው ያስፈልግ ነበር።

የውኃን አስተዳደር ለመማር ደግሞ ከቦረና ሽማግሌዎች የበለጠ መምህር ማግኘት ያስቸግራል። «ቱላ» የተባሉት ጥልቅ የውኃ ጉድጓዶች ከዘመን ዘመን የቆዩት በሥርዐት ነው። ሰዎች በመሰላል ተደርድረው፣ በዜማ እየተቀባበሉ ከምድር ሆድ ውኃውን ያወጣሉ። ለጉድጓዱ ባለቤት አለው፤ ከዚያም ሌላ የዕለት የዕለቱን የማጠጫ ተራ የሚያስከብር «አባ ሄሬጋ» የሚባል ሹም አለ። ማን ዛሬ ያጠጣል፣ ማን ነገ ያጠጣል፣ ጉድጓዱን ማን ይጠርጋል የሚለው ሁሉ በጉባኤ ይወሰናል፤ ተራ ያፈረሰም ይዳኛል። ልጅቱ በዩኒቨርሲቲ የምትማረው አስተዳደር በመሠረቱ ይኸው ነው፤ ጥቂት የሆነውን ነገር ለብዙዎች በፍትሕ ማዳረስ።

ሁለተኛው ምሳሌያችን ፈንጣጣ ነው። ይህ በሽታ በአገራችን ስንቱን ፊት እንዳበላሸ፣ ስንቱን ዐይን እንዳጠፋ አያቶቻችን ይናገሩት ነበር። በ1963 ዓ.ም. ፈንጣጣን ለማጥፋት ዘመቻ በኢትዮጵያ ሲጀመር በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ26 ሺህ በላይ ሕመምተኛ ተመዘገበ። የአገሩ ተራራና በረሃ ሰፊ፣ መንገዱ ጥቂት ስለ ሆነ ለሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ክትባት መስጠት አልተቻለም። ስለዚህ ሠራተኞቹ ሌላ ስልት ተከተሉ። በየገበያው፣ በየውኃ ጉድጓዱና በየትምህርት ቤቱ የሕመምተኛ ሥዕል እያሳዩ «እንዲህ ያለ ሰው አይታችኋልን?» እያሉ ይጠይቃሉ፤ ወሬው ወደ ተገኘበት መንደር ገሥግሠው በሽተኛውን ለብቻ ያቆያሉ፤ በዙሪያው ያለውንም ሰው ሁሉ ይከትባሉ። በዚህ ዐይነት በሽታው እየተከበበ ጠፋ። የኢትዮጵያ የመጨረሻው የፈንጣጣ በሽተኛ የተገኘው በነሐሴ ወር 1968 ዓ.ም. ከነገሌ ባሻገር ባለው ቆላ፣ በኤል ከሬ በረሃ ዲሞ በተባለች መንደር ነበር። በዓለም ላይ የመጨረሻው ደግሞ በጥቅምት 1970 ዓ.ም. በሶማሊያ በመርካ ከተማ ተገኘ፤ በ1972 ዓ.ም. የዓለም የጤና ድርጅት በሽታው ከምድር ላይ መጥፋቱን ዐወጀ።

በኢትዮጵያ ይህን ዘመቻ ከመሩት አንዱ ሲሮ ዴ ኳድሮስ የሚባል ብራዚላዊ ሐኪም ነበር። በአገሩ ሕክምና ከተማረ በኋላ የኅብረተሰብ ጤና ትምህርት ጨመረበት። ከኢትዮጵያም ሲመለስ በአሜሪካ ክፍላተ ዓለም የልጅነት ልምሻን የማጥፋቱን ሥራ መራ፤ በዚያ ምድር የመጨረሻው በሽተኛ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1991 ዓ.ም. በፔሩ ታየ። በቆላችን መንደሮች የተማረውን ነገር ለሌላ ክፍለ ዓለም አተረፈው ማለት ነው። እንግዲህ ሁለተኛው ትምህርት ከሕክምና ያሳነሰው ነውን? እኛስ አይመስለንም።

ሦስተኛው ምሳሌ ስለ ቍጥር ነው። ብዙ ወላጆች «ቍጥር ማጠራቀም ምን ይረባል?» ይላሉ። በ2003 ዓ.ም. በሶማሊያ በወረደው ረኀብ ምክንያት እልፍ ስደተኛ ድንበር ተሻግሮ ወደ ዶሎ አዶ መጣ። በሰኔ ወር የተከፈተው የቆቤ ሠፈር ወዲያው 25 ሺህ ያህል ሰው መላበት። በነሐሴ ወር የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ድርጅት በዚያ ሠፈር ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት በአማካይ በየቀኑ 10 እንደሚሞቱ አስታወቀ። ሕፃናቱ በረኀብ ተጎድተው ሳለ ኩፍኝ ገባባቸው። በሙያው ሥርዐት ከ10 ሺህ ሰዎች መካከል በቀን 1 ሰው ከሞተ የአደጋ ጊዜ ነው ይባላል። በዚህ ልክ 25 ሺህ ሰው ባለበት ሠፈር በቀን 2 ወይም 3 ሰው ከሞተ ደወል መደወል ነበረበት፤ በቆቤ ግን የሕፃናቱ ሞት ብቻ ከዚያ አራት እጥፍ ደረሰ። ይህን ያወቀው ማን ነው? መቃብር የቆጠረው፣ ሰውን የቆጠረው፣ አንዱን ለሌላው ያካፈለው ሠራተኛ ነው። ክትባቱና ምግቡ የተፋጠነው እንዲህ ያለው ቍጥር ከተነገረ በኋላ ነው። ለእናት ልጅዋ ቍጥር አይደለም፤ ነገር ግን የአንዲት እናት ልቅሶ ከዶሎ እስከ አዲስ አበባና እስከ ጄኔቫ እንዲሰማ ያደረገው ቍጥሩ ነው።

በቆላ አገር ቍጥር ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። ምሳሌ እንስጥ። አንድ ጤና ኬላ በመዝገቡ 200 ሕፃናት አሉት እንበል። 150ውን ቢከትብ ከመቶ 75 ከተብን ብሎ ደስ ይለዋል። ነገር ግን ድርቅ የነዳቸው አርብቶ አደሮች 100 ሕፃናት ይዘው ወደ ቀበሌው ገብተው ከሆነ እውነተኛው መልስ ከመቶ 50 ነው፤ ኩፍኝም የሚገባው ባልተቆጠሩት በኩል ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በቦረናና በአጎራባቹ አገር አምስት የዝናብ ወራት በተከታታይ ሳይሳኩ ቀርተው ከብቱ ባለቀ ጊዜ ስንቱ ቤተ ሰብ ከመንደሩ እንደ ተነሣ ሁላችን አይተናል። በመልካሙ እረኛ ምሳሌ ውስጥ ከመቶ አንዲት በግ መጥፋትዋ የታወቀው እረኛው ይቆጥር ስለ ነበር ነው። የቆላ ሰው ይህን ከማንም ይልቅ ያስተውለዋል፤ ማታ ማታ በበረቱ ደጅ ቆሞ የማይቆጥር እረኛ የለምና።

እንግዲህ ይህ ትምህርት በአገራችን እንዴት እንደ ጀመረ በአጭሩ እንናገር። በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ተቋቋመ፤ ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ በደንቢያ ቆላ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሺህ ሰው ጨርሶ ነበር። ኮሌጁ የጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና የጽዳት ጠባቂውን በአንድ ቡድን እያሠለጠነ ወደ ገጠር ይልክ ጀመር። በ1951 ዓ.ም. መግቢያ የወባ ወረርሽኝ እንደ ገና ተነሥቶ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታመመ፤ 150 ሺህ ያህሉም ሞተ ተብሎ ተገምቶአል። አስቀድሞ የሚያይና የሚቆጥር ሰው ማነስ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ያን ጊዜ ታወቀ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዚህ ሙያ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት የተጀመረው በ1970ዎቹ አጋማሽ ነው። ጅማ ተማሪዎቿን ከኅብረተሰቡ መካከል አውጥታ በማስተማር ታወቀች፤ በ2000ዎቹ መጀመሪያም ከአሜሪካው ዬል ዩኒቨርሲቲ ጋራ ተባብራ የሆስፒታል አስተዳደርን በሁለተኛ ዲግሪ ማስተማር ጀመረች። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2009 ዓ.ም. ደግሞ ወረርሽኝን በቦታው ሄደው የሚመረምሩ ባለሙያዎች የሚወጡበት የመስክ ኤፒዴሚዮሎጂ ትምህርት ተቋቋመ። ለደቡቡ ቆላ ልጆች ሐዋሳም ቡሌ ሆራም ቅርብ ናቸው።

የሚማሩት ምንድን ነው? ኤፒዴሚዮሎጂ የበሽታን አመጣጥና አካሄድ ያስተምራል። ባዮስታቲስቲክስ የቍጥርን ፍቺ ያስተምራል፤ ባሕረ ሐሳብ የተማረ የቤተ ክርስቲያን ልጅ መጥቅዕና አበቅቴ ተደምረው 30 መሆናቸውን እንዳወቀ ሁሉ በዚህም ሒሳብ አይደነግጥም። ከዚህም ሌላ የጤና ምጣኔ ሀብት፣ የሰው ኀይልና የመድኃኒት አስተዳደር፣ የእናቶችና የሕፃናት ጤና፣ ሥነ ምግብ፣ የውኃና የጽዳት ጉዳይ አለ። ጊዜው ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓመት ነው፤ መጨረሻውም ተማሪው ራሱ መርምሮ የሚጽፈው ጥናት ነው። ለመግባት የመጀመሪያ ዲግሪና የብሔራዊ ድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል።

ሥራውስ? የወረዳና የዞን ጤና ጽሕፈት ቤት መምራት፣ የሆስፒታል ሥራ አስኪያጅነት፣ የወረርሽኝ ቅኝት፣ የማኅበረሰብ ጤና መድን አስተዳደር፣ በኮሌጅ ማስተማር፣ በኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት መመራመር፣ በርዳታ ድርጅቶችም ማገልገል ነው። ከሁሉ የሚቀርበው ግን ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ በየቀበሌው የተመደቡትን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች መርዳት ነው። ከ30 ሺህ በላይ የሆኑት እነዚህ ሴቶች የየቤቱን ነገር በቤተ ሰብ ማኅደር ይጽፋሉ። የንስሐ አባት የነፍስ ልጆቹን ቤት ለቤት እንደሚያውቅ እነርሱም ማን ፀነሰች፣ ማን አልተከተበም፣ ማን መጸዳጃ የለውም የሚለውን ያውቃሉ። መዝገባቸው አንብቦ መልስ የሚሰጥ ባለሙያ ከሌለው ግን ድካማቸው በመደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣል።

ችግሩንም ሳንሸሽግ እንናገር። ዲግሪ የያዘ ሁሉ በዲግሪው ልክ መደብ አያገኝም። ደመወዙ ከድካሙ ጋራ አይመጣጠንም፤ በ2017 ዓ.ም. የጤና ሠራተኞች ይህንኑ ጥያቄ በአደባባይ አንሥተዋል። በዚያው ዓመት የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ርዳታ በተቋረጠ ጊዜ በዚያ ገንዘብ ተቀጥረው የነበሩ ብዙዎች ሥራቸውን አጥተዋል። ስለዚህ በርዳታ ድርጅት ደመወዝ ተስፋ ብቻ ወደዚህ ትምህርት የሚገባ ሰው ቤቱን በአሸዋ ላይ ይሠራል። ደግሞም አለቃው ቍጥሩን አሳምር ብሎ ያዘዘው ጊዜ ይመጣል። ያልተከተበውን ተከተበ ብሎ መጻፍ በሐሰት መመስከር ነው፤ የዚያም ሐሰት ዋጋ በሕፃን ነፍስ ይከፈላል። ይህን ለመቋቋም ዕውቀት ብቻ አይበቃም፤ እግዚአብሔርን መፍራት ያስፈልጋል።

እንግዲህ ምክራችን ይህ ነው። ልጅ ከመጀመሪያ ዲግሪ ወደ ሁለተኛው ሳያርፍ አይዝለል፤ ቢያንስ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት በጤና ጣቢያ ያገልግል። የታመመ ሰው እጅ ያልያዘ ሰው ስለ ሕሙማን የሚጽፈው ወረቀት ደረቅ ይሆናል። መሥሪያ ቤቱ ደመወዝ እየከፈለ የሚያስተምር ከሆነ ውሉን በጽሑፍ ይያዝ፤ ስንት ዓመት ተመልሶ እንደሚያገለግልም አስቀድሞ ይወቅ። የጥናቱን ርእስ ከአገሩ ይምረጥ፤ ወተት ሲነጥፍ ሕፃናት ምን ይበላሉ? እናቶች ወደ ማረፊያ ቤት ያልመጡት ለምንድን ነው? ኩሬው ሲደርቅ ተቅማጥ በየት ይነሣል? ኦሮምኛና ሶማልኛ ያላወቀ ይማር፤ ያወቀም ይህ ሀብቱ ከማናቸውም የምስክር ወረቀት የማያንስ መሆኑን አይዘንጋ። በቆላው የሚያገለግለው ክርስቲያኑን ብቻ አይደለም፤ እስላሙንም፣ የዋቄፈታውንም ተከታይ ነው። ደጉ ሳምራዊ በመንገድ የወደቀውን ሃይማኖቱን ጠይቆ አላነሣውም።

ለወላጆችም አንድ ቃል አለን። ልጃችሁ በበሽተኛ አልጋ አጠገብ አልተገኘችም ብላችሁ አትዘኑ። በመልካም ውኃ ምክንያት ያልታመመ ልጅ፣ በክትባት ምክንያት ያልሞተ ሕፃን አመስጋኝ ሆኖ ወደ ቤታችሁ አይመጣም፤ መትረፉን እንኳ አያውቀውምና። የዚህ ሙያ ሰው ምስጋናን ከሰው መጠበቅ አይችልም። እናንተ ግን ዋጋውን ዕወቁለት። ካህናትም በዐውደ ምሕረት ላይ ስለ ክትባትና ስለ ንጹሕ ውኃ ቢናገሩ ሕዝቡ ይሰማቸዋል፤ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጠበልና የኤች አይ ቪ መድኃኒት የማይጣሉ የእግዚአብሔር ስጦታዎች መሆናቸውን ባስተማሩ ጊዜ መድኃኒቱን ትቶ የነበረ ሰው ሳይፈራ እንዲወስድ በር ከፍተዋል።

በነገሌና በዙሪያዋ ያሉ ከተሞች ሐኪም ያስፈልጋቸዋል፤ በዚህ ማንም አይከራከርም። ከዚያ ጋራ ግን የሚቆጥር፣ ተራ የሚያስከብር፣ ፓምፑ ከመሰበሩ በፊት የሚያስብ፣ ያልመጣውን የሚፈልግ ልጅም ያስፈልጋቸዋል። እንዲህ ያለውን ልጅ ከቤታችሁ የጠራው እንደ ሆነ መርቃችሁ ስደዱት፤ ሲማርም ወደ ቆላው የሚመለስበትን መንገድ አታርቁበት። እግዚአብሔር አምላክ የልጆቻችንን ልቡና ያብራ፤ ለአገራችንም ጤናን ይስጥ። አሜን።